ኪሎ ሜትር የሚቀንሰውና ኢንቮይስ የሚቀንሰው



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ተናደን ነው። ይብረድልን ብለን ሦስት ሳምንት ጠበቅን፤ አልበረደልንም።

ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂዳችን ቢሮ ለሽምግልና ተቀምጠን ነበር። ጉዳዩ መኪና ነው። አንዲት እህታችን ሻርጃ ውስጥ በሰው ቤት ስምንት ዓመት ሠርታ ያጠራቀመችውን 62,000 ድርሃም ለሰፈራችን ልጅ፣ ለአንድ ደላላ ሰጠች። ያገለገለ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ እንዲያስገባላት ነው። ወንድሟ ይነዳዋል፣ የእናታቸው ወጪ ይሸፈናል፣ እሷም "መኪናው ሥራ በጀመረ በዓመቱ ጠቅልዬ እገባለሁ" ብላ ለእናቷ ቃል ገብታለች። መኪናው ሰኔ 2016 ተገዛ፤ በጅቡቲና በጋላፊ አድርጎ መስከረም 2017 አዲስ አበባ ገባ። አራት ወር ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት አልነሳ አለ።

ጋራዥ አስገብተው የሾፌሩን ወንበር ሲያነሱት ከምንጣፉ ሥር የደረቀ ደለል ተገኘ። የወንበሩን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ሲስቡት መሐሉ ላይ የጭቃ ውሃ መስመር ወጣ። የሽቦ መጋጠሚያዎቹ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። መካኒኩ ብዙም አላወራም። "ይሄ መኪና ዋኝቷል" አለ።

ደላላው ተጠርቶ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ከኪሱ አንድ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ኢንቮይሱ 28,000 ድርሃም ይላል። "በወረቀት የተሸጠው በዚህ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሐቅ አልበላም፤ ግማሹን እመልሳለሁ። በዚያን ጊዜ በነበረው የባንክ ምንዛሬ በብር" አለ። አሰላነው። 220,000 ብር ገደማ ነው። ለ62,000 ድርሃም!

ቢሮው ጸጥ አለ። የእህታችን ወንድም አንገቱን ደፋ፤ ምክንያቱም 28,000 ተብሎ እንዲጻፍ የተስማማው እሱ ነው። ቀረጥ እንዲቀንስ።

እኛ ሽማግሌዎቹስ ምን አልን? "ሰብር አድርጉ፤ የሰጣችሁን ተቀበሉና በሰላም ተለያዩ" አልን። አዎ፣ ያልነው እኛው ነን። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በከፊል ያንን ቃላችንን ለማንሳት ነው።

በመጀመሪያ ደላላውን እናናግረው።

ወንድማችን ሆይ፣ አንተ ማን ነህ? ሻጭ ነህ ወይስ ወኪል? ቢሮ ውስጥ ደጋግመን ስንጠይቅህ "እኔ መሐል ነኝ" አልከን። መሐል የሚባል ቦታ በፊቅህ የለም። ወኪል ከሆንክ የእህትህ ገንዘብ በእጅህ አማና ነው፤ መኪናው የተገዛበትን ትክክለኛ ዋጋ ታሳያለህ፣ የተስማማችሁበትን የድካም ዋጋ ትወስዳለህ፣ የተረፈውን ትመልሳለህ። ሻጭ ከሆንክ ደግሞ ትርፉ ያንተ ነው፣ ዐይቡም ያንተ ነው። አንተ ግን ትርፍ ሲነሳ ሻጭ ትሆናለህ፣ ጥፋት ሲነሳ ወኪል ትሆናለህ። ስንት ደላላ ነው በዚህ በር ሲወጣና ሲገባ የሚኖረው!

ውሃ የገባበት መኪና ከየት መጣ? ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ሚያዝያ 8 ቀን 2016 የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች መዝገብ መያዝ ከጀመሩበት ከ1949 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያልታየ ዝናብ ዘነበባቸው። ዐል ዐይን አካባቢ አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ተለካ። የሻርጃ መንደሮች ለቀናት ውሃ ውስጥ ቆዩ። መኪኖች እስከ መስኮታቸው ሰጥመው የሚያሳየውን ቪዲዮ ሁላችንም ስንቀባበል ነበር። እነዚያ መኪኖች የት የገቡ ይመስላችኋል? ኢንሹራንስ ያለውን ኢንሹራንሱ ካሳ ከፍሎ ይረከበዋል፣ በጨረታ ይሸጠዋል፤ የገዛው ሰው አጥቦና አድርቆ ወደ ገበያ ይመልሰዋል።

ልብ በሉ፣ ይህ በራሱ ሐራም አይደለም። ዐይቡ ተነግሮ፣ ዋጋው በዐይቡ ልክ ወርዶ ከተሸጠ ማንም ምንም አይልም። በደሉ የሚጀምረው "ውሃ ገብቶበታል" የሚለው ቃል መንገድ ላይ ሲጠፋ ነው። ከአሜሪካ የሚመጡትም እንዲሁ ናቸው። ነሐሴ 2017 (እ.ኤ.አ.) ሃርቪ የተባለው ማዕበል ሂውስተንን ሲያጥለቀልቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ተበላሹ። እዚያ አገር በባለቤትነት ወረቀቱ ላይ "ሳልቬጅ" ወይም የጎርፍ ምልክት ይደረግበታል። መኪናው ባሕር ተሻግሮ በሌላ አገር ሌላ ወረቀት ሲወጣለት ግን ያ ምልክት አብሮት ላይሻገር ይችላል።

ድሮም ቢሆን ይህ ገበያ ንጹሕ አልነበረም። ከጃፓን በቀኝ መሪ የወጡ ትንንሽ መኪኖች ዱባይ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ እየዞረ ሲገቡ ኖረዋል። ከቪትዞቻችን መካከል ዳሽቦርዳቸው በወጉ ያልገጠመ፣ የዝናብ መጥረጊያቸው አሁንም ሾፌሩ በቀኝ የተቀመጠ ይመስል የሚጠርግ አሉ። (የተሳፈራችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ ነው የሚነዳው።) ቢያንስ ግን ያ በዐይን ይታይ ነበር። ሞተሩን አስነስተህ ድምፁን ትሰማለህ፣ ጭሱን ታያለህ፣ ዘይቱን ትነካለህ። ከጥር 2016 ወዲህ ግን የኤሌክትሪክ ካልሆነ መኪና እንዳይገባ ሲወሰን የዐይቡ መደበቂያ ተቀየረ። ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪ ከወለሉ ሥር ታሽጎ ተቀምጧል፤ ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው። እህቶቻችን ስምንት ዓመት የለፉበትን ገንዘብ የሚሰጡት ለማይታይ ነገር ነው። ለዚህ ነው የሻጭ ቃል ከድሮው ይልቅ ዛሬ ከባድ የሆነው።

አሁን ወደ ኪሎ ሜትሩ እንምጣ። በደረሳነታችን ጊዜ ሚንሃጅ ስንቀራ የሽያጭ ምዕራፍ ላይ ስለ ተስሪያ አንብበናል። የሚሸጣትን ላም ወይም ግመል ወተቷን ሳያልብ ጡቷን አስሮ ያቆያታል፤ ገዢው ግቷ ሞልቶ ሲያይ ሁልጊዜ እንዲህ የምትታለብ ይመስለዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ከለከሉ፤ ለተታለለው ገዢም ያቆያት ወይም ይመልሳት ዘንድ ምርጫ ሰጡት። ኢማም አን-ነወዊ እዚያው ላይ ሌላ ምሳሌ ይጨምራሉ፤ የውሃ ወፍጮ የሚሸጥ ሰው ውሃውን ገድቦ አቆይቶ ልክ በሽያጩ ሰዓት ይለቀዋል፣ ወፍጮው በኃይል ይሽከረከራል፣ ገዢው ይደነቃል። ይህም ለገዢው የመመለስ መብት ያስገኛል ይላሉ።

በዚያን ጊዜ እኛ ልጆች ነበርንና ወፍጮ የሚሸጥ ማን አለ ብለን እንስቅ ነበር። ዛሬ ገባን! 180,000 ኪሎ ሜትር የሄደን ጌጅ ወደ 60,000 የሚመልስ ሰው ጡት አሳሪው ነው። ገዢው ሊያየው ሲመጣ በኮምፒውተር የብልሽት ምልክቱን አጥፍቶ፣ ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ የሚያቀርብ ሰው ውሃ ገዳቢው ነው። ኪታቡ ሲጻፍ መኪና አልነበረም፤ የሻጩ ጠባይ ግን ነበር።

ደላላው ግን ሌላ መከላከያ ነበረው። ውሉ ላይ "መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቼ ተረክቤያለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ወንድምየው ፈርሞበታል። ይህ ዓረፍተ ነገር በአገራችን የመኪና ውል ላይ እንደ ቢስሚላህ የማይቀር ሆኗል። ሰዎች ከተፈረመ በኋላ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላቸዋል። አላለቀም! በሻፊዒይ መዝሀብ ጎልቶ በወጣው አቋም "ከዐይቡ ነጻ ነኝ" ብሎ የሸጠ ሰው ነጻ የሚሆነው በእንስሳ ላይ ብቻ፣ በውስጥ ካለ ዐይብ ብቻ፣ እሱም ራሱ ካላወቀው ብቻ ነው። እንስሳ የሚበላው ጤነኛም ሆኖ ታሞም ነውና ውስጡ አይታወቅም። መኪና እንስሳ አይደለም፤ ዐይቡን እያወቀ ለደበቀማ ፊርማው ምንም አይጠቅመውም። ሸሪዓው ቀርቶብኝ በአገሩ ሕግ ነው የምዳኘው የሚልም ካለ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ጉድለቱን በተንኮል የደበቀን ሻጭ "ዋስትና አልሰጥም" የሚለው ቃል አያድነውም።

ደላላው "አላውቅም ነበር" አለ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ ልቡን አላህ ያውቃል። ነገር ግን ከጎርፉ በሁለት ወሩ፣ እዚያው ሻርጃ፣ ከገበያው ዋጋ ረክሶ የቀረበን መኪና ቀበቶውን እንኳ ስቦ ሳያይ የገዛ የዓመታት ደላላ አላውቅም ነበር ሲል እኛ ምን እንበለው? ሻጭ ከሆነ ደግሞ አለማወቁም አያድነውም፤ ዐይቡ በእጁ የነበረ ነውና።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ደላላው ላይ ነው። ደስ ብሏችሁ እንዳነበባችሁም እናውቃለን። አሁን ግን ወደራሳችን እንዞራለን።

28,000 የሚለውን ማን አጻፈው?

እዚህ ላይ ጀማዓው ሁሉ ዝም ይላል። ጌጅ የሚመልሰውን ሁላችንም እንረግማለን፤ ኢንቮይስ የሚያስቀንሰውን ግን "ብልጥ ነው" እንላለን። ሁለቱ በምን ተለያዩ? አንዱ ቁጥር ቀንሶ ገዢን ያታልላል፣ ሌላው ቁጥር ቀንሶ ጉምሩክን ያታልላል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ ስለ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም አይደለችም። ዕዳን ስለ መጻፍ ነች። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ዕዳው ያለበት ሰው አላህን ፈርቶ ከዕዳው ምንም ሳያጎድል እንዲያስጽፍ ታዛለች። ምንም ሳያጎድል! እኛ ግን 34,000 አጉድለን አስጻፍን።

"ቀረጡ ግፍ ስለሆነ ነው" የሚል ድምፅ ከወዲሁ ይሰማናል። እሺ፣ ቀረጡ ከባድ ነው፤ አንክድም። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገለ የነዳጅ መኪና ላይ የጣለው ኤክሳይዝ ከመኪናው ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ያ ሕግ ስንቱን የዲያስፖራ ሕልም ጅቡቲ ላይ እንዳስቀረ እናውቃለን። ግብርን በተመለከተ ዑለሞች የተለያየ ነገር ብለዋል፤ ያንን እዚህ አንፈታውም። ግን ስለ የትኛው መኪና ነው የምንከራከረው? የኤሌክትሪክ መኪና ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ኤክሳይዝም፣ ሱርታክስም፣ ተጨማሪ እሴት ታክስም ተነስቶለት፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ነበር የተባለው። ሌላውን ክፍያ ትተን ቀረጡን ብቻ እናስላ። ከ62,000 ላይ 28,000 ሲቀነስ 34,000 ነው። የ34,000 ድርሃም 15 በመቶ 5,100 ድርሃም ነው። 5,100 ለማትረፍ ብለን 34,000 የምንጠይቅበትን ማስረጃ በገዛ እጃችን አጠፋን!

ከዚህ የከፋው ደግሞ 5,100ውም አለመትረፉ ነው። ጉምሩክ በየሞዴሉና በየዓመተ ምርቱ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው። የቀረበው ዋጋ ከዚያ ሲያንስበት በራሱ መረጃ ይተምናል። የእህታችን መኪናም የተተመነው በጉምሩክ ዋጋ ነው፤ ትራንዚተሩ ነው የነገረን። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት መቶን አለፈ፤ ጉምሩኩም በአዲሱ ምንዛሬ ተሰላ። እህታችን ተበድራ ጨመረች። ሐሰተኛው ወረቀት መንግሥትን አላታለለም። ያገለገለው አንድን ሰው ብቻ ነው፤ ያንን ወረቀት እንደ ጋሻ ይዞ ፊታችን የተቀመጠውን።

ይህን ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሊዋጥልን ያልቻለው። ደላሎች ኢንቮይስ የሚያስቀንሱት ለደንበኛው አዝነው ይመስላችኋል? ደንበኛው በውሸት ወረቀት ላይ አብሮ ከፈረመ በኋላ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ቢሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ወደ መስጂድ ይመጣል። መስጂድ ውስጥ ደግሞ እኛ አለን፤ "ሰብር" የምንል።

የምንዛሬውን ነገርም እንዝጋው። ዕዳ በተወሰደበት ዓይነት ነው የሚከፈለው። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ በአንድ ገንዘብ የተያዘ ዕዳ የሚመለሰው በዚያው ገንዘብ ልክ እንደሆነ ወስኗል። ድርሃም ተቀብሎ ያለፈው ዓመት ብር እመልሳለሁ ማለት ግማሹን ዕዳ በምንዛሬ መብላት ነው። ሁለቱ ወገኖች በብር ለመቀባበል ቢስማሙ እንኳ የሚሰላው በሚከፈልበት ቀን ምንዛሬ ነው። ይህን በዚያን ቀን ቢሮ ውስጥ መናገር ነበረብን። አልተናገርንም፤ ደላላው ለመስጂዳችን ምንጣፍ ያነጠፈ ሰው ነው። ይኸው፣ ተናገርነው።

በገልፍ ላላችሁ እህቶች ሁለት ቃል ብቻ እንጨምር፤ ሌሎቻችሁ እለፉት። ገንዘቡን በጥሬው በእጅ አትስጡ፤ በባንክ ወይም በሐዋላ ቤት ላኩ፣ የምትልኩበትን ምክንያት አስጽፉ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለቤተሰብ ላኩ። ሻርጃም ሆነ ዱባይ መኪና ከመገዛቱ በፊት በጥቂት መቶ ድርሃም የሚመረምሩ ጋራዦች አሉ፤ ከደላላው ጋር ግንኙነት በሌለው አስመርምሩ። የኤሌክትሪክ ከሆነ የባትሪው ጤና በመቶኛ ስንት እንደቀረው የሚያሳየውን ውጤት በወረቀት ጠይቁ። የባትሪ መሙያው ሶኬት የቻይና ይሁን የአውሮፓ እወቁ፤ አገር ቤት ከገባ በኋላ ካልገጠመ ሌላ ወጪ ነው። ለአሜሪካና ለቻይና ገበያ በተሠሩት ላይ አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ካለው የሻንሲ ቁጥር አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት። ደላላው "በእኔ አትተማመኚም ወይ?" ብሎ ከተቆጣ ያኔውኑ ተዉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በገበያ ሲያልፉ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው ሥሩ እርጥብ መሆኑን አግኝተዋል፤ ነጋዴውን ላዩን አይተው አላመኑትም። ዝናብ ነካው ብሎ ሲመልስላቸው ሰው እንዲያየው ለምን ላዩ ላይ አላደረግከውም ብለው ነው የወቀሱት። የዚያም እህል ዐይቡ ውሃ ነበር።

ወንድሞችም ብትሆኑ ከዚህ ነጻ አይደላችሁም። የእህታችን ወንድም መኪናው በመጀመሪያው ወር ሙሉ ተሞልቶ ግማሽ መንገድ ላይ ሲያልቅበት አይቷል። ለእሷ አልነገራትም፤ "እንዳትጨነቅ" ብሎ። ዐይብ ሲታይ ወዲያው ነው የሚመለሰው፤ እያወቁ መጠቀም የመመለስን መብት ሊያሳጣ ይችላል። ሦስት ወር በዝምታ ነዳ። ዝምታው ለእሷ ማዘን ነው ይላል። እኛ ግን ኢንቮይሱን ያስቀነሰው እሱ መሆኑ እንዳይታወቅበት የፈራም ይመስለናል።

ባለፈው ሳምንት ለእህታችን ራሳችን ደወልንላት። እስከዚያ ድረስ ማንም አልደወለላትም ነበር። ስምንት ዓመት የሠራችው እሷ፣ የተሸመገለው ግን ያለ እሷ ነው። ተቆጣች፤ መብቷ ነው። "ሸይኽ፣ 28,000 ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ እንዴ? ግማሽ ተቀበሉ ስትሉ ለምን አልጠየቃችሁኝም?" አለችን። መልስ አልነበረንም። ዐውፍ በይን አልናት።

ማታውን በዋትሳፕ ሰባት የሐዋላ ደረሰኝ ላከችልን። ሁሉም በደላላው ስም የተላኩ ናቸው፣ በሁሉም ላይ "ለመኪና" ተብሎ ተጽፏል። ደመርናቸው፤ 62,000 ነው። ለመጪው ሐሙስ ከዐስር በኋላ ደላላው እንዲመጣ ነግረነዋል፣ እሷም በስልክ ትገባለች። ወንድሟም 28,000 ብሎ ያስጻፈው እሱ መሆኑን በሁሉም ፊት ሊናገር ተስማምቷል።